የሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌ መካን ያደርጋልን?

ጠያቂ፦ ዕድሜዬ 31 ነው። ለ4 ዓመታት የሦስት ወሩን መርፌ ስወጋ ቆይቼ፣ ልጅ ለመውለድ በመወሰናችን የመጨረሻውን ከተወጋሁ 7 ወር ሆኖኛል። የወር አበባዬ ግን አልተመለሰም፤ አማቴም «መርፌው ማሕፀንሽን አድርቆታል» ስላሉኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መልስ 1 (አዋላጅ ነርስ)፦ ውድ እህቴ፣ መርፌው መካን አያደርግም። በውስጡ ያለው ሆርሞን አንጎል ለዕንቁላል ዕጢዎች የሚልከውን ትእዛዝ ስለሚገታ ዕንቁላል አይለቀቅም፤ መድኃኒቱም ከተወጋበት ጡንቻ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ ውጤቱ ከሦስት ወር በላይ ሊዘልቅ ይችላል። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ ወደ 10 ወር ይፈጃል። የማሕፀን መድረቅ ወሬ ብዙ ሴቶችን በከንቱ ያስጨነቀ ስሕተት ነው። የወር አበባ ሳይመለስም ማርገዝ ስለሚቻል ግን አስቀድመሽ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ።

መልስ 2፦ እኔ ያረገዝሁት በ11ኛው ወር ነው። አይዞሽ።

መልስ 3፦ ከወዲሁ በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚን መውሰድ እንድትጀምሪ አደራ እላለሁ፤ የጽንሱ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀናት ውስጥ፣ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን ሳያውቁ በመሆኑ፣ ኪኒኑን የእርግዝና ክትትል ከተጀመረ በኋላ መጀመር ይዘገያል።