የቮልስ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ሲሞቅ እሳት ያጣል፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ባለሙያዎች። መኪናው ባለ 12 ቮልት ቮልስ 1600፣ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) ቦሽ 009 ነው። ኮንታክት ፖይንቱንና (ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠውን ማብሪያ ማጥፊያ) ኮንዴንሰሩን አውጥቼ በምትካቸው ርካሽ ባለማግኔት ሞጁል ገጠምኩ፤ ቀዩ ሽቦ ኮይሉ (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው) 15 ቁጥር (ፖዘቲቭ) ላይ፣ ጥቁሩ 1 ቁጥር (ኔጋቲቭ) ላይ። ጠዋት ወዲያው ይነሳል። 20 ደቂቃ ከሄደ በኋላ ግን ካንዴላ ላይ እሳት ድርቅ! ሩብ ሰዓት ሲቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ፖይንቱን በ0.4 ሚሊሜትር ክፍተት ስመልሰው ቀኑን ሙሉ ይሠራል (ቶሎ ቶሎ መቃጠሉ ነው ያስመረረኝ)፤ ስለዚህ ነዳጁን አልጠረጥርም።

ኮይሉን ስለካው 1.6 ኦም ነው። ሞጁሉ ቢያንስ 3 ይፈልጋል፤ በ13.8 ቮልት ከ8 አምፔር በላይ እየተሸከመ ነው ማለት ነው። ባለ 3 ኦም ኮይል ልግዛ ወይስ 1.5 ኦም፣ 50 ዋት ሬዚስተር ከኮይሉ በፊት ይበቃል? ሬዚስተር ከሆነ ቀዩን ሽቦ ከሱ በፊት፣ ሙሉ 12 ቮልት ላይ ላስረው ነው። ሞጁሉ እስካሁን ተጎድቶ እንደሆነስ በመልቲሜትር እንዴት ይታወቃል?