ቤት ያለውን ጄሊፊን ከውጭ አገር መክፈት አልተቻለም፤ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች። አዲስ አበባ ቤቴ ባለው ላፕቶፕ ላይ ጄሊፊን (የራስን ቪዲዮ ከቤት ኮምፒውተር ወደ ሌላ መሣሪያ የሚያሳይ ፕሮግራም) ጭኛለሁ። የቤተሰቡ የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ በሙሉ እዚያ ነው። በቤት ዋይፋይ ቴሌቪዥኑም ስልኩም ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ፍራንክፈርት ያለችው እህቴ ስትሞክር ግን ዝም ብሎ ይሽከረከርና ይቋረጣል። የእናታችንን ድምፅ መስማት ናፍቋታል፤ እኔንም የሚያስጨንቀኝ ይሄው ነው።

ራውተሩ ላይ ጄሊፊን የሚጠቀምበትን መግቢያ፣ ፖርት 8096ን፣ ወደ ላፕቶፑ አስተላልፌያለሁ፤ ፋየርዎሉም ፈቅዶለታል። አሁን ያስተዋልኩት፣ ራውተሩ የሚያሳየው የውጭ አይፒ በ100.72 ይጀምራል። ጎግል ላይ ስፈትሽ የሚወጣው ግን ሌላ ነው። ሲጂናት (የኢንተርኔት አቅራቢው አንድ የውጭ አይፒ ለብዙ ደንበኞች ሲያካፍል) ነው አይደል? ከሆነ ፖርት መክፈቱ ዋጋ የለውም።

ቴይልስኬል (መሣሪያዎችን በግል መረብ የሚያገናኝ አገልግሎት) ይሻላል ወይስ ቪፒኤስ (በኢንተርኔት የሚከራይ ሰርቨር) ተከራይቼ በዋየርጋርድ ቪፒኤን ላገናኘው? እህቴ የምታየው በአንድሮይድ ቴሌቪዥን ነው። ለእሷ የሚቀላትን ንገሩኝ፤ እኔ ብለፋ ግድ የለም።