ስታርጌት፦ ፊልሙ ከተከታታዩ ጋር (የቅዳሜው ዝግጅት፣ ረቂቅ 3)

ጸሐፊ፦ የ1994ቱ ፊልም «ስታርጌት» (ወደ ሌላ ፕላኔት ስለሚያሻግር በር) 121 ደቂቃ፣ እረፍት፣ ከእሱ የተወለደው የቴሌቪዥን ተከታታይ የኤስጂ-1 መክፈቻ ክፍል፣ ከዚያ ውይይት። ዓላማው አልተቀየረም፤ ተከታታዩ ከፊልሙ ምን ወረሰ፣ ምን ጣለ። ፖስተሩ ላይ ኮሎኔል ኦኒልን የሚጫወቱት ሁለቱ፣ የፊልሙ ከርት ራስልና የተከታታዩ ሪቻርድ ዲን አንደርሰን። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ቴክኒክ፦ ስክሪናችን 16 በ9፣ ወርዱ 3 ሜትር ነው። ፊልሙ 2.35 በ1 ስለሆነ ቁመቱ 1.28 ሜትር ላይ ይቀራል፤ ተከታታዩ 1.69 ሜትሩን ሙሉ ይይዛል። ሲኒማው ከቴሌቪዥኑ አንሶ ሊታይ ነው። ተከታታዩን በዙም ወደ 1.28 አወርደዋለሁ። የመክፈቻው ዲስክ ደግሞ የ2009ኙ ዳግም ቅንብር ይሁን፤ በ1997ቱ ላይ የእርቃን ትዕይንት አለ፣ ልጆች ይመጣሉ።

ትርጉም፦ የፊልሙን ሰብታይትል እኔ እሠራለሁ። በሰከንድ ለ25 ፍሬም የተሠራ ፋይል በሰከንድ 24 ፍሬም በሆነ ቅጂ ላይ ከተጫነ መጨረሻው ላይ አምስት ደቂቃ ያህል ይቀድማል፣ ከባዶ ነው የምጀምረው። ከበሩ ማዶ ያለችው ፕላኔት ሰዎች ንግግር የፊልሙ የቋንቋ ሊቅ ዳንኤል ጃክሰን እስኪገባው ድረስ ሳይተረጎም ይቆያል፤ ቀድመን ከተረጎምነው ትዕይንቱ ሞተ። ተከታታዩ ላይማ ሁሉም ፕላኔት እንግሊዝኛ ይችላል። ሐሙስ ይደርሳል።

ነባር አባል፦ ፖስተሩ ስህተት ነው። የፊልሙ ኦኒል በእንግሊዝኛ በአንድ ኤል (L)፣ የተከታታዩ በሁለት ኤል ነው የሚጻፈው። አንደርሰን ራሱ በሁለተኛው ሲዝን ቀልዶበታል፤ ባለ አንድ ኤሉ ቀልድ የሚባል አያውቅም ብሎ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፖስተሩ በአማርኛ ነው እኮ። የምን ኤል?

ነባር አባል፦ ታዲያ ኦኒል እና ኦኒልል ይባላ።

ትርጉም፦ እግዚኦ።

አባል 12፦ እንደ ሰዋስው መጽሐፍ የማጥበቂያ ነጥብ ከላዩ ይደረግበት።

ቴክኒክ፦ ሞክሬዋለሁ። የማተሚያ ቤቱ ፎንት ነጥቡን አያውቀውም፣ ሳጥን ያወጣል። ደግሞ በእንግሊዝኛውም አይጠብቅም፣ ድምፁ አንድ ነው።

ነባር አባል፦ ድምፅ መቼ አልኩ? ጽሕፈት ነው ያልኩት! 214 ክፍል ያየ ሰው ይስቅብናል።

ገንዘብ ያዥ፦ «አለ»ን ከ«አለ» ሳንለይ ስንት ዘመን ጻፍን፣ ማን ሳቀብን?

ነባር አባል፦ አንቺ ሒሳብሽን ያዢ።

ጸሐፊ፦ ስለ ጠላቱ፣ ስለ ራ፣ ማን ይጽፋል? በፊልሙ ዘሩ ያለቀ ብቸኛ ፍጡር ነው፤ በተከታታዩ ከብዙ ጎአኡልዶች አንዱ፣ ሰው አንገት ውስጥ የሚገባ እባብ መሳይ። በሩም እንደዚያው፤ ፊልሙ ላይ የሚወስደው አንድ ቦታ፣ ተከታታዩ ላይ መረብ ነው። 10 ሲዝን የበላው ይሄ መረብ ነው።

አባል 12፦ የማሳያ ፈቃዱስ? ዲስክ መግዛት ለሕዝብ ማሳየት አያስችልም።

ነባር አባል፦ እሱ ይደርሳል። ፖስተሩ በላቲን ፊደል እንደገና ይታተም። ለትናንቱ ይቅርታ፣ አፌን አልያዝኩም። ኤሉ ግን ሁለት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ይሁን። የሁለተኛው ሕትመት ብር ከአዳራሹ ኪራይ ይወጣል፤ 6 ሰዓት የነበረው 4 ሆኗል።

ጸሐፊ፦ ትርጉም፣ ሐሙስ አለፈ።

ጸሐፊ፦ ትርጉም?

ቴክኒክ፦ ገመድ መዘርጋት ብቻ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሁለቱ ሥራዎች ተደምረው ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ናቸው። ለውይይት ምንም አይተርፍም።

ገንዘብ ያዥ፦ ያለ ሰብታይትል ፊልሙም አይሆንም። ረቂቅ 4፦ መክፈቻው ብቻ፣ ከዚያ ውይይት። ፊልሙን ያላየ የለም።

አባል 12፦ እና ከምን ጋር ልናወዳድረው ነው?

ነባር አባል፦ ፖስተሩ ላይ ሁለቱም አሉ፣ በየኤላቸው።