የድሮው የፓንክ ቃለ መጠይቅ እንዳለ ይውጣ ወይስ ተቆራርጦ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ ከከተማ ከተማ እየዞረ ከሚጫወት የፓንክ ሮክ ባንድ ጋር ተደርጎ በካሴት የቀረ ቃለ መጠይቅ ዛሬ ሲወጣ፣ ስድቡና ዝምታው ይቆረጥ?

አንደኛው፦ አይነካ! እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1976 የእንግሊዙ ፓንክ ባንድ ሴክስ ፒስቶልስ በቴምዝ ቴሌቪዥን ከአቅራቢው ቢል ግራንዲ ጋር ያደረጉትን ቃለ መጠይቅ አስታውሱ። በማግስቱ ጋዜጦቹ ያራገቡት ስድቡን ነው፤ በዚያ ወር ከያዟቸው ኮንሰርቶች አብዛኞቹ ተሰረዙ። ሙሉውን ያየ ግን ግራንዲ ከኋላቸው ለቆመችው የባንዱ ደጋፊ ሱዚ ሱ በኋላ እንገናኝ ማለቱን፣ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ስቲቭ ጆንስ ሲሰድበውም ቀጥል እያለ መገፋፋቱን ይሰማል። ጥያቄው ተቆርጦ መልሱ ብቻ ቢቀር፣ ጠብ ጫሪው ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ሁለተኛዋ፦ ያ እኮ ሕዝብ እያየ በቀጥታ የተላለፈ ነው፤ አታመሳስለው። ከመድረክ ጀርባ የተቀዳ ካሴት የሾፌሩን ወሬ፣ የሌላ ሰው ስም፣ ያደሩበትን ቤት አድራሻ ሳይቀር ይይዛል። ባንዱ የተናገረው ተመርጦ ለሚታተም ጽሑፍ ከሆነ፣ ድምፁን በሙሉ ለማውጣት እንደገና ይጠየቅ። የሦስተኛ ወገን ምስጢር ይቆረጥ፤ የተቆረጠበት ደቂቃ ግን ይመዝገብ።

ሦስተኛው፦ ከመቁረጡ በፊት ቅጂውን አስተካክሉ፤ ብዙው የሚበላሸው እዚያ ነው። የማጫወቻው ሄድ (ቴፑን የሚያነበው ክፍል) ከቀጂው ሄድ ጋር እኩል ካልቆመ ድምፁ ይታፈናል፤ ስለዚህ በሞኖ (ግራና ቀኙን ድምፅ አንድ አድርጋችሁ) እየሰማችሁ፣ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ድምፅ ጥርት እስኪል የሄዱን ብሎን በጥቂቱ አዙሩ። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲሜትር መሄድ አለበት። የቀጂው ባትሪ ደክሞ ከነበረ ቴፑ እየተንቀረፈፈ ስለሚቀዳ፣ ሲጫወት ሰዎቹ ይፈጥናሉ፣ ድምፃቸውም ይቀጥናል። እንግሊዝ ውስጥ የተቀዳ ከሆነ ከአምፕሊፋየር የገባ የመብራት ጉምጉምታ ፈልጉ፦ 50 ኸርዝ መሆን ሲገባው 52 ካሳየ 4 በመቶ ፈጥኗል ማለት ነው። አሜሪካ ከሆነ መለኪያው 60 ነው። በዶልቢ (የካሴት ሹክሹክታ መቀነሻ) ያልተቀዳውን በዶልቢ አታጫውቱ፣ ትሬብሉን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ ይበላዋል። ወደ ዲጂታል ፋይል በ24 ቢት፣ በ96 ኪሎኸርዝ ጥራት ቅዱና ያንን ፋይል ማንም አይንካው፤ ማጽዳቱ በሌላ ቅጂ ላይ ይሁን።

አንደኛው፦ አድራሻውንና የሰው ስሙን ተቀብያለሁ። ዝምታውን ግን አልሰጥም። ዘፋኙ ከመመለሱ በፊት 6 ሰከንድ ዝም ካለ፣ ያ ዝምታ ራሱ መልስ ነው።

ሁለተኛዋ፦ እሱስ ልክ ነህ። ስድቡም አይቆረጥ፣ መግቢያው ላይ ማስጠንቀቂያ ይበቃዋል።

ሦስተኛው፦ እንግዲያው ጫጫታ ማጥፊያውን ጠንቀቅ በሉ። ሲበዛ ቀስ ብሎ የተነገረውን ቃልና ትንፋሹን አብሮ ይጠርጋል፤ ማንም መቀስ ሳያነሳ ቃለ መጠይቁ ይቆረጣል።