በዌብሪንግ አሞሌዬ ላይ «ቀጣይ» የሚለው ሊንክ የተሳሳተ ገጽ ይከፍታል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። ድረ ገጼ የአንድ ዌብሪንግ (እርስ በርስ በሊንክ እንደ ቀለበት የተያያዙ ድረ ገጾች ስብስብ) አባል ሲሆን፣ ከገጹ ግርጌ ባለው አሞሌ ላይ «ቀዳሚ»፣ «ቀጣይ» እና «በዘፈቀደ» የሚሉ ሊንኮች አሉ። ሊንኮቹ በቀጥታ ወደ ጎረቤት ገጾች አያመሩም፤ መጀመሪያ የቀለበቱን ሰርቨር ይጠራሉ፣ ሰርቨሩም የአባላቱን ዝርዝር አይቶ ጎብኚውን ወደሚቀጥለው ገጽ ያሻግረዋል። አባል ሲጨመር ወይም ሲወጣ ማንም ኮዱን መንካት ስለማያስፈልገው ይህን አሠራር እወደዋለሁ።

ችግሩ የአሞሌው ኮድ ለሁላችንም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ሰርቨሩ ጎብኚው ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ብሮውዘሩ በሚልከው የሪፈረር መረጃ ብቻ ሲሆን፣ የእኔ ገጽ ደግሞ ከሌላ አባል ጋር በአንድ ዶሜይን ሥር፣ በተለየ ፎልደር ውስጥ ይገኛል። ክሮም እ.ኤ.አ. ከ2020፣ ፋየርፎክስ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ወደ ሌላ ድረ ገጽ ሲሻገሩ፣ መቼቱ ካልተቀየረ በስተቀር፣ ዶሜይኑን እንጂ ሙሉ አድራሻውን አይልኩም። ስለዚህ ሰርቨሩ ሁለታችንን መለየት አቅቶት የእኔን ጎብኚዎች የዚያ አባል ጎረቤት ወደሆነው ገጽ ይወስዳቸዋል፤ የእኔ ጎረቤት ሊያገኛቸው የሚገባውን አንባቢዎች ማጣቱ በእውነት ያሳስበኛል።

በሊንኮቹ ላይ የሪፈረር ፖሊሲውን ቀይሬ ሙሉ አድራሻው እንዲላክ ባደርግ ይበቃል? ወይስ ሪፈረርን ጨርሶ የሚያግዱ ጎብኚዎች ስላሉ፣ የእያንዳንዱ አባል መለያ በሊንኩ ውስጥ እንዲገባ የቀለበቱን አስተዳዳሪ መጠየቅ ይሻላል? አሞሌው ያለ ጃቫስክሪፕትም እንዲሠራ እፈልጋለሁ። ተመሳሳይ ቀለበት ያስተዳደረ ሰው ካለ፣ የትኛውን መንገድ እንደመረጠ ቢያስረዳኝ በጣም አመሰግናለሁ።