የሶፍት ኮፒ መጽሐፍ ስንት ይሸጥ?

ጥያቄው፦ አንድ አዲስ መጽሐፍ በወረቀት 400 ብር ነው። ሶፍት ኮፒው 300 ብር። ይህ ዋጋ ተገቢ ነው?

ተማሪ (ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ)፦ በጭራሽ! ወረቀት የለው፣ ቀለም የለው፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚጭነው መኪና የለው። የወረቀቱን አንብቤ ስጨርስ ለጓደኛ አውሳለሁ፤ ሲቸግረኝ እሸጠዋለሁ። ሶፍት ኮፒውን ማን ይገዛኛል? ታዲያ 300 ብር የምከፍለው ለምኑ ነው?

ደራሲ፦ ለሥራው ነዋ ወንድሜ። ሁለት ዓመት ጻፍኩት። ለአርታዒ፣ ለፊደል አራሚ፣ ለሽፋን ሠሪ ከኪሴ ከፈልኩ። አንድ ሰው ቢገዛውም ሺህ ሰው ቢገዛውም ይህ ወጪ ያው ነው። ወረቀቱ ቀረ ማለት ድካሜ ቀረ ማለት አይደለም። ሶፍት ኮፒውን ካረከስኩትስ የወረቀቱን ማን ያነሳዋል?

መጽሐፍ ሻጭ (ጊዮርጊስ አካባቢ)፦ እንጀራዬ ወረቀቱ ነው። ግን ልጁ እውነት አለው።

እዚሁ ጣና ገዳማት ያሉትን የብራና መጻሕፍት አስቡ። አንዱን ለመጻፍ የስንት ፍየል ቆዳ፣ የስንት ወር ልፋት! ሁለተኛውን ለመገልበጥም ያው ቆዳ፣ ያው ልፋት። ማተሚያ ይህን አቀለለው። በስልክ ደግሞ ሁለተኛው ቅጂ ምንም አያስወጣም።

እስቲ እናስላው። ከ400 ብሩ 160 ለማተሚያ ቤት ሄደ እንበል። ለአከፋፋይና ለእኛ ለሻጮች 35 በመቶ፣ 140 ብር። ለአንተ 100 ተረፈህ። ሶፍት ኮፒውን በ150 ራስህ በቴሌብር ብትሸጠው ከወረቀቱ የበለጠ እጅህ ይገባል። ሐምሌ 2016 የዶላር ምንዛሬ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ወረቀት እሳት ሆኗል። በኢንተርኔት መጽሐፍ የሚሸጠው አማዞን እንኳ ሶፍት ኮፒውን ከ2.99 እስከ 9.99 ዶላር ለተመነ ደራሲ 70 በመቶ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ከሰቀለው ድርሻው 35 ይሆናል።

ተፎካካሪህ የእኔ መደርደሪያ አይደለም። ቴሌግራም ላይ በነፃ የሚዞረው ፒዲኤፍ ነው። አንዱ ገጽ በገጽ በስልኩ ያነሳዋል፤ አውራ ጣቱ ጠርዙ ላይ እየታየ ይለቀዋል። 300 ብር ስትል ልጁን ወደዚያ ትገፋዋለህ።

ደራሲ፦ ያን አውራ ጣት የራሴ መጽሐፍ ላይ አይቼዋለሁ። በጣም ያማል። አልጋዬ ሥር ደግሞ ያልተፈቱ አራት ካርቶኖች አሉ። እሺ፣ 150 ይሁን። ግን የመጀመሪያውን ወር የወረቀቱ ብቻ ይሸጥ።

ተማሪ፦ አንድ ወር? ጋሼ፣ ፒዲኤፉ እኮ በሳምንቱ ይለቀቃል። አብረው ይውጡ። በ150 ከሆነ ዛሬውኑ እልካለሁ።