ጥቆማ፦ የሂተር ራዲያተር የሚሠራ ጎበዝ ባለሙያ፣ ሱሉልታ ወይም ወደ ከተማ ቀረብ ያለ

የሱሉልታው፦ ሰላም ቤተሰብ። መኪናዬ የቆየች ኮሮላ ናት። ሂተር ስከፍት ጣፋጭ ነገር ይሸታል፤ ፓራብሬዛው ላይ ቅባት የመሰለ ጉም ይለጠፋል። በተሳፋሪው በኩል ሞኬቱ ስር አረንጓዴ ውሃ ይቋጥራል። የሂተሩ ትንሹ ራዲያተር ነው አሉኝ። ዳሽቦርድ አውርዶ በሥርዓቱ የሚመልስ ታውቃላችሁ? በክረምት ጠዋት እንጦጦን ያለ ሂተር መውረድ ከባድ ነው።

ቢኒ ገላን፦ ሳሪስ ያለው ጋሼ ጋ ውሰዳት። ሌላ ቦታ አትልፋ።

የሱሉልታው፦ አመሰግናለሁ። ሂተር ሠርቶ ያውቃል?

ቢኒ ገላን፦ የኔን ፍሬን ሸራ የቀየረው እሱ ነው። እስካሁን ምንም አላለም።

ማሜ ለገጣፎ፦ ዳሽቦርድ ማስወረድ? ጉዴን ልንገርህ። አንድ ጋራዥ፣ ስሙ ይቅር፣ ጠዋት አስገብተህ ማታ ትወስዳለህ አለኝ። ነገ ነገ ሲሉኝ ከረሙ። ስረከባት ሂተሩ ይሠራል፣ ሬዲዮው ጭጭ። ኮብልስቶን ላይ ስትወጣ ዳሽቦርዱ እንደ ጸናጽል ይንሿሿል። የተረፉ ብሎኖች ደግሞ በፌስታል አስረው ሰጡኝ። «ትርፍ ናቸው» አሉ። ጃፓኖቹ ሳይቆጥሩ ነው እንዴ የገጠሟቸው?

ሄለን አያት፦ ብሎን በፌስታል! ሞትኩ በሳቅ። የኔም በር ውስጥ የሚንኳኳ ነገር አለ። በዚያው ጥሩ ባትላሜራ ጠቁሙኝ።

ዮኒ፦ የኤሲ ጋዝስ የት ታስሞላላችሁ?

ታዛቢው፦ ሰውዬው ሂተር ጠየቀ፤ እናንተ ፍሬን፣ በር፣ ጋዝ። ጎሚስታ የሚጠቁም ብቻ ነው የቀረው።

ቢኒ ገላን፦ ጎሚስታ ከሆነ ከጋሼ ጎን ያለው ልጅ አሪፍ ነው።

የጋራዥ ልጅ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ በነጭ ጨርቅ ጥረገው። ሽታና ቀለም ከሌለው ዝናብ ወይም የኤሲ ውሃ ነው። የሚያዳልጥና የሚጣፍጥ ሽታ ካለው ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣው ፈሳሽ ነው። እንዳትቀምሰው፣ መርዝ ነው። ለጊዜው ሞተሩ ሲበርድ ወደ ጋቢና የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች ንቀልና እርስ በርስ አገናኛቸው። ውሃው ሂተሩን ዘሎ ይዞራል። ወጪው ቀላል ነው፤ ሙቀት ግን የለም፣ ጠዋት መስታወቱም ቶሎ አይጠራም።

ማሞቂያው ካስፈለገህ ማስወረድህ አይቀርም። መዳብ ወይም ነሐስ ከሆነ ራዲያተር ሠሪዎች በቆርቆሮ ይበይዱታል። አሉሚኒየም ከሆነ ቀይረው። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ካገኘህ፣ ከመገጠሙ በፊት ውሃ ውስጥ ነክረው በአየር ይፈትሹት። አረፋ ካወጣ መልስላቸው። ዋናው ገንዘብ የሚሄደው ለጉልበት ስለሆነ ቱቦዎቹንም አብረህ ቀይር። ሲፈታ ፎቶ አንሳ፤ ብሎንም በፌስታል አትረከብም።

አቤል፦ ምን ያደክማችኋል? እንቁላል ነጭ ራዲያተሩ ውስጥ ጨምርና ጨርስ።

የጋራዥ ልጅ፦ እንቁላሉ ቀዳዳውን ብቻ መርጦ አይደፍንም፤ ቀጫጭኑን መተላለፊያ ሁሉ ይዘጋል። ውሃ እየጎደለም አትንዳት። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ግፊት ያልያዘ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ሞተሩ ግሎ ቴስታታው፣ የሞተሩ የላይኛው ክዳን፣ ከተጣመመ ወጪው ሌላ ነው።

የሱሉልታው፦ ተባረክ። ቅዳሜ ሶማሌ ተራን ዞር ዞር ብዬ አያለሁ።

ማሜ ለገጣፎ፦ ጋራዥ ካስገባህ ሬዲዮህን ቀድመህ ፍታ። ስማኝ።

ሄለን አያት፦ እንዴት ሆነ? ገጠምክ?

ቢኒ ገላን፦ ጋሼ ጋ ቢሄድ ኖሮ ይነግረን ነበር።

የጋራዥ ልጅ፦ ሄለን፣ ላንቺ ባትላሜራ ላያስፈልግሽ ይችላል። የመስታወት ማንሻው ላልቶ ይሆናል። የበሩን የውስጥ ልባስ አስነስተሽ አሳዪ።